ከካሜራው በፊት መዝገቡን አንሺ

ልጄ፣ የደብራችሁን የብራና መጻሕፍት ፎቶ እያነሣችሁ በኮምፒውተር ልታኖሩ ከጓደኞችሽ ጋር መነሣትሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔ ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት የጨረስኩ ጡረተኛ ነኝ። ማሽኑን አንቺ ከእኔ በተሻለ ታውቂዋለሽ። ወረቀትና ብራና በምን በምን እንደሚጠፋ ግን ሲጠፋ እያየሁ ኖሬአለሁና ምክሬ በዚያ ላይ ያተኩራል።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። ቅርስ የሚቆየው በጠባቂው ነው። ካሜራው፣ ሃርድ ዲስኩ፣ ኢንተርኔቱ ጠባቂውን ካገዙ ድካምሽ ፍሬ ያፈራል፤ ጠባቂውን ዘለው ካለፉ ግን ነገ ሌላው እንዳሻው የሚያዝበትን ነገር አዘጋጅተሽ ሄድሽ ማለት ነው። ከዚህ በታች የምልሽ ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የሚወጣ ነው።

ጥበቃ በትግራይ አዲስ ነገር አይደለም። ደብረ ዳሞ በገመድ ካልሆነ የማይወጣ አምባ ላይ ነው፤ የገርዓልታ አብያተ ክርስቲያናትም ከገደል የተፈለፈሉ ናቸው። ያ ከፍታ ለጸሎት ጸጥታ እንደሰጠ ሁሉ ለመጻሕፍቱም መጠጊያ ሆኗል። በዓድዋ አጠገብ ያለውን የአባ ገሪማን ገዳም አስቢ። እዚያ ያሉት ወንጌሎች በኦክስፎርድ በተደረገ የካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተጻፉ ታውቋል። በዓለም ላይ ሥዕል ካላቸው ጥንታውያን ወንጌሎች መካከል የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ዛሬ ድረስ የቆዩት በተሠሩበት አገር፣ በመነኮሳት እጅ ነው። የድሮ ጸሐፊዎችም መጽሐፉን የሰረቀ፣ የባለቤቱን ስም የፋቀ ሁሉ የተወገዘ እንዲሆን በኅዳጉ ላይ ግዝት ይጽፉ ነበር። የዘመናቸው ቁልፍ ያ ነበር፤ በሚፈራው ሰው ዘንድ ሠርቷል።

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ግን ገመዱንም ገደሉንም ግዝቱንም አልፎ ገባ። በነጋሽ የሚገኘው የአል ነጃሺ መስጊድ ተመታ፤ ደብረ ዳሞም ጉዳት ደረሰበት። ከብዙ አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ተወሰዱ። በ2014 ዓ.ም. የውጭ ጋዜጦች ከትግራይ ሳይዘረፉ አልቀሩም የተባሉ ብራናዎች በኢቤይ ላይ በርካሽ ለሽያጭ እንደቀረቡ ጽፈዋል። እንግዲህ ሻጩ “የእናንተ መሆኑን በምን ታሳያላችሁ?” ብሎ ቢጠይቅ ምን ይመለስለታል? መጽሐፉ ስንት ቅጠል እንደነበረው፣ የትኛው ገጽ እንደተቃጠለ፣ በኅዳጉ ምን እንደተጻፈ የሚናገር ወረቀት የሌለው ደብር ሐዘኑን እንጂ ማስረጃውን ማቅረብ አይችልም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይኸውልሽ፤ ካሜራውን ከማንሣትሽ በፊት መዝገቡን አንሺ። በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ላይ አባ ተወልደ መድኅን ዮሴፍ የተባሉ ካህን በትግራይ ከ120 የሚበልጡ የፍልፍል አብያተ ክርስቲያናትን ዝርዝር አቀረቡ። ከዚያ በፊት የውጭ ተመራማሪዎች ያወቋቸው ጥቂቶቹን ብቻ ነበር። ያ ዝርዝር ከወጣ በኋላ ተመራማሪውም ሰዓሊውም ፎቶ አንሺውም ወደ ገርዓልታና ወደ አጽቢ ጉዞ ጀመረ። ዛሬ የትግራይ ቅዱሳት መልክዓ ምድሮች በዩኔስኮ ጊዜያዊ መዝገብ ላይ የሰፈሩት እንደዚያ ካለ ሥራ ተነሥቶ ነው። ካህኑ ለዚህ ሁሉ ያስፈለጋቸው እግርና ብዕር፣ ከዚያም ሰውን በትሕትና መጠየቅ ነበር።

መዝገብሽ ምን ይያዝ? ዓለም አቀፍ መለኪያ አለ፤ ኦብጀክት አይዲ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ነው፤ ፖሊስም ሙዚየምም ጉምሩክም ይግባባበታል። የሚጠይቀው ቀላል ነው፦ ዕቃው ምን ዓይነት ነው፣ ከምን ተሠራ፣ መጠኑ ስንት ነው፣ ምን ጽሑፍና ምልክት አለበት፣ ከመሰሎቹ በምን ይለያል፣ የማን ዘመን ነው፣ ማን ሠራው፣ ፎቶውስ የት አለ። ለብራና ስትሠሪው የቅጠሉን ብዛት፣ የዓምዱንና የመስመሩን ቁጥር፣ ሐረጉንና ሥዕሉን፣ የማኅደሩን ሁኔታ፣ የጥገናውን ስፌት ጨምሪበት። ከሁሉ የሚበልጠው መለያ ግን ጉድለቱ ነው። ሁለት ዳዊት ይመሳሰላል፤ በአንድ ቦታ ላይ የሰም ጠብታ ያረፈባቸው፣ አይጥ በአንድ ጥግ የበላቸው ሁለት ዳዊቶች ግን አይገኙም። ኢንተርፖልም በ2013 ዓ.ም. አይዲ-አርት የሚባል የስልክ መተግበሪያ አውጥቷል፤ የራስሽን ዝርዝር ትመዘግቢበታለሽ፣ ተሰርቀዋል ተብለው በዓለም የተመዘገቡትንም ትመለከቺበታለሽ። አይጠቅመንም ብለሽ አትለፊው።

ቅርስ ሲባል ደግሞ ብራና ብቻ እንዳይመስልሽ። እዚሁ መቀሌ ከተማችን መሐል፣ ጣሊያናዊው ጃኮሞ ናሬቲ በ1870ዎቹ ለአፄ ዮሐንስ 4ኛ የሠራው ቤተ መንግሥት አለ። የአሸንዳ ልጆች ዜማ፣ የአውሎና የማሰ ገጣሚዎች ቃል፣ የአባትሽ ጎረቤት የሚያውቁት የመንደር ታሪክም ቅርስ ነው። መጽሐፍ ቢዘረፍ አንድ ቀን ይመለስ ይሆናል፤ ያልተቀዳ ድምፅ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። በመዝገብሽ ላይ ለሰውም ዓምድ አብጂ፤ ማን ምን ያውቃል፣ ዕድሜያቸው ስንት ነው፣ የት ይገኛሉ በይ። ቅድሚያ የምትሰጪውም ለሸመገሉት ነው።

መዝገቡ ሲያልቅ ሁለተኛው ሥራ ይጀምራል፤ ምን ሊያጠፋብን ይችላል ብሎ መጠየቅ። የተማሩት የሥጋት አስተዳደር ይሉታል። ኢክሮም የተባለው ዓለም አቀፍ የቅርስ ጥበቃ ማዕከል ከካናዳ የጥበቃ ተቋም ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ቅርስ አጥፊዎችን በዐሥር ይከፍላቸዋል፦ መውደቅና መሰበር፣ ሌባና አፍራሽ፣ እሳት፣ ውኃ፣ ተባይ፣ ጭስና አቧራ፣ ብርሃን፣ ያልተስማማ ሙቀት፣ ያልተስማማ እርጥበት፣ ዐሥረኛው ደግሞ የዕቃው ከመረጃው መለያየት። ዘጠኙን የደብሩ ንዋይ ጠባቂ የሆኑት ገበዙ ሳይማሩ ያውቋቸዋል፤ ጧፉን፣ ብሉን፣ ምስጡን፣ የሚያፈስ ጣራውን ከእርሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

ዐሥረኛው ላይ ግን ልቆይብሽ፤ የእኛ ቁስል እዚያ ነውና። በጦርነቱ ጊዜ መጻሕፍትን በዋሻ፣ በጉድጓድ፣ በቤት ግድግዳ ውስጥ የደበቁ ብዙ ናቸው፤ ብፁዓን ናቸው። ነገር ግን መደበቂያውን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ሲሆንና ያ ሰው ሲሞት ወይም ሲሰደድ፣ መጽሐፉ ሳይቃጠል ጠፋ። ከሦስት ደብር የመጡ መጻሕፍት በአንድ ጆንያ ታስረው ሲተርፉም የማን የትኛው እንደሆነ የሚለይ ከሌለ ዕቃው አለ፣ ታሪኩ ግን የለም። ስለዚህ ሥርዓት አኑሩ፤ የክፉ ቀን መደበቂያን ከሁለት ያላነሱ፣ በአንድ ቤት የማይኖሩ ሰዎች ይወቁት። ምን ወደ የት እንደሄደ የሚናገር የታሸገ ፖስታ በሌላ ከተማ በታመነ እጅ ይቀመጥ። በእያንዳንዱ መጽሐፍ ማኅደር ውስጥም የደብሩን ስምና የመዝገቡን ቁጥር የያዘ ቁራጭ ወረቀት አኑሪ፤ በብራናው ላይ ግን ምንም አትጻፊ።

ያው መመሪያ ሥጋትን በሦስት ጥያቄ ይመዝናል። በምን ያህል ጊዜ ይመጣል? ሲመጣ ከዕቃው ዋጋ ምን ያህሉን ይወስዳል? ከስብስቡ ስንቱን ይነካል? ለየጥያቄው እስከ 5 ነጥብ ትሰጪና ትደምሪያለሽ። የሚያፈስ ጣራ በየክረምቱ ይመጣል፣ ዕቃውን በከፊል ያበላሻል፣ አንድ መደርደሪያ ይነካል። ጦርነት አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው፣ ሲመጣ ግን ሁሉን ይጠርጋል። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ስታይ ለየትኛው ዛሬ፣ ለየትኛው ለረጅም ጊዜ እንደምትዘጋጂ ይገለጥልሻል። ለካሜራ ከተዋጣው ገንዘብ ላይ ቀንሳችሁ መጀመሪያ ቆርቆሮውን ብታስጠግኑ ወጣቶቹ ያኮርፉ ይሆናል፤ ከሚቀጥለው ክረምት በኋላ ግን ያመሰግኑሻል። ወረቀቱ አምስት ዓምድ ይበቃዋል፦ ሥጋቱ፣ ነጥቡ፣ የሚደረገው፣ የሚያደርገው ሰው ስም፣ ቀኑ። የሰው ስም የሌለበት ዕቅድ ምኞት ብቻ ነውና አራተኛውን ዓምድ ባዶ አትተይ።

አሁን ካሜራውን አንሺ። ብልጭታውን አጥፊ፤ ከመስኮት የሚገባ ለስላሳ ብርሃን ይሻላል። እጅሽን ታጥበሽ አድርቂ፤ ጓንት ጣትን ስለሚያደነዝዝ ቅጠሉን ይቀድዳል። መጽሐፉን በግድ አትዘርጊው፤ የተከፈተውን ያህል ብቻ ከፍተሽ በሁለት በኩል ትራስ ደግፊለት። ከፊት ልባሱ እስከ ኋላ ልባሱ፣ ባዶውን ገጽ ሳይቀር በቅደም ተከተል አንሺ። ባዶ የመሰለሽ ገጽ ላይ የርስት ስጦታ ወይም የአንድ ዘመን ረሀብ ተጽፎ ይገኛልና። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ማስመሪያ አኑሪ፤ መጠኑ እንዲታወቅ። የፋይሉ ስም ደብሩን፣ የመጽሐፉን ቁጥርና የቅጠሉን ቁጥር ይያዝ፤ ካሜራው የሰጠው ስም ለማንም ምንም አይናገርም። አንድ መቶ አምሳ ቅጠል ያለው መጽሐፍ ሦስት መቶ ፎቶ ነው፤ አንዱ ፎቶ 5 ሜጋባይት ቢሆን መጽሐፉ 1.5 ጊጋባይት ይሆናል። 64 ጊጋባይት ያለው ካርድ አርባ ገደማ መጽሐፍ ይይዛል ማለት ነው፤ አቅማችሁን በዚህ አስቢው።

ድምፅ ስትቀጂ ደግሞ ቀረጻው ሲጀምር ስሙ፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ የተናጋሪው ፈቃድ በድምፅ ይነገር። ወረቀቱ ቢጠፋ ድምፁ ራሱን ያስታውቃል።

አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልንገርሽ። ሴት ልጅ የማትገባባቸው ገዳማት አሉ፤ ደብረ ዳሞ አንዱ ነው። ከበር ቆመሽ አትዘኚ፣ አትከራከሪ፤ ዲያቆናቱን አሠልጥኚ። ይህን የምልሽ ለገደቡ ብልሃት ፍለጋ ብቻ አይደለም። ሴት በምትገባበት ደብርም ቢሆን ሥራውን የሚሠሩት የደብሩ ልጆች እንዲሆኑ እመክርሻለሁ። አንቺ ያነሣሽው ፎቶ አንድ ጊዜ ይነሣል፤ አንቺ ያስተማርሽው ዲያቆን ግን በየዓመቱ መጽሐፉን ከፎቶው ጋር አስተያይቶ የጎደለውን ይናገራል።

ቅጂ ለምን እንደሚጠቅም ለሚጠራጠሩ ሽማግሌዎች ይህን ታሪክ ንገሪልኝ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የኢትዮጵያ የብራና ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት የተባለው ሥራ ተጀመረ። ከዚያም ዘጠኝ ሺህ ያህል መጻሕፍት በፊልም ተነሡ፤ ቅጂው በአዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኔሶታ፣ ኮሌጅቪል ከተማ በሚገኝ ገዳም ተቀመጠ። ዶክተር ጌታቸው ኃይሌ፣ በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ታላቁ ሊቅ፣ ከአገራቸው ርቀው ለዚያ ፊልም መዝገብ ሲጽፉ ኖሩ። ከዓመታት በኋላ በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እጅ የነበረ አንድ ጥንታዊ የብራና መጽሐፍ በደብረ ሊባኖስ በፊልም ከተነሣው ጋር አንድ መሆኑ ታወቀ። ዩኒቨርሲቲው በ2008 ዓ.ም. መጽሐፉን ለገዳሙ መለሰ። ገዳሙ ጠበቃ አላቆመም፤ የቆመለት አሮጌ ፊልም ነበር። ሥራሽን እንዲህ አስቢው፤ ዛሬ የምታነሺው ፎቶ ከአርባ ዓመት በኋላ ምስክርነት ሊጠራ ይችላል። ምስክር የሚታመነው ደግሞ መቼ፣ የት፣ በማን እንደተነሣ ሲታወቅ ነው።

የአፍሪካንና የዓለምን ልምድም ተመልከቺ። በማሊ የቲምቡክቱ ሰዎች በ2004 እና በ2005 ዓ.ም. ታጣቂዎች ከተማቸውን ሲይዙ ብራናዎቻቸውን በሣጥን እያደረጉ በመኪናና በጀልባ ወደ ባማኮ አሻገሩ። ያ የሆነው እነ አብደል ቃድር ሃይዳራ ቀደም ብለው የየቤተሰቡን ስብስብ ስለሚያውቁና የሚታመን ሰው ስለነበራቸው ነው። በብራዚል ደግሞ ነሐሴ 27 ቀን 2010 ዓ.ም. የሪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ተቃጠለና ተማሪዎች ጎብኚዎች በስልካቸው ያነሡትን ፎቶ እንዲልኩላቸው ሕዝቡን ለመኑ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይህ ነው። ከሁለቱ የትኛውን መምሰል እንዳለብን ግልጽ ነው።

ቅጂውን ግን የት እናኑረው? “ኢንተርኔት ላይ ጫንኩት፣ አለቀ” የሚል ወጣት እሰማለሁ። አንቺ በዚህ ከተማ ኖረሽ እንዴት ትያለሽ? ትግራይ ለሁለት ዓመት ገደማ ከኢንተርኔት ተቆርጣ ነበር፤ ባንኩም ተዘግቶ ነበር። ክላውድ ላይ ያለው ፋይል ያኔ ከመቀሌ ሊታይ አይችልም ነበር፤ ወርኃዊ ክፍያውም አይከፈልም ነበር። በሌላ በኩል ሩቅ ያለ ትልቅ ተቋም ሁሉ አይወድቅም ብለሽ አትመኚ። የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት በአደጋ ላይ ላሉ መዛግብት ባቋቋመው ፕሮግራም በትግራይ የማይ ወይኒን ገዳም መጻሕፍት ጨምሮ ብዙ የኢትዮጵያ ብራና በዲጂታል ተነሥቷል። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ግን ቤተ መጻሕፍቱ በኮምፒውተር ዘራፊዎች ተጠቃ፤ ዘራፊዎቹ ገንዘብ ጠይቀው ሲከለከሉ 600 ጊጋባይት ያህል መረጃ በትነው ሄዱ፤ የፕሮግራሙ ድረ ገጽም ለወራት ተዘጋ። ዋናው ከእኛ ጋር ነበር፤ የቅጂው በር ግን ለንደን ላይ ተዘጋ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። የባለሙያዎቹ ደንብም ከዚህ አይርቅም፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከከተማ ውጭ። የመጀመሪያው ቅጂ በደብሩ በራሱ፣ በተቆለፈ የብረት ሣጥን፣ በገበዙ እጅ ይሁን። ሁለተኛው እዚህ መቀሌ በምታምኑት ተቋም፣ ሦስተኛው ርቆ በአዲስ አበባ ወይም በውጭ አገር ይቀመጥ። ሃርድ ዲስክ ሟች ነው፤ አምስት ዓመት ሳይሞላው ወደ አዲስ ገልብጪው። ለእያንዳንዱ ፋይል ቼክሰም የሚባለውን የቁጥር መለያ አውጥተሽ ከመዝገቡ ጋር አኑሪ፤ አንድ ነጥብ እንኳ ብትለወጥ ቁጥሩ ተሰብሮ እንደተገኘ ማኅተም ይነግርሻል። ከዚያ በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከሦስቱም ቅጂ ጥቂት ፋይል ከፍተሽ ተመልከቺ። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ አለ አይባልም። መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ዲስክ ላይ ስትጽፊ እንዳይበላሽብሽም በባትሪ የሚሠራ ኮምፒውተር ተጠቀሚ።

ወደ ማጋራቱ ልምጣ፤ ብዙ ጥፋት የሚሠራው በቅን ልብ እዚህ ላይ ነውና። ሁሉን ለዓለም መክፈት ደግነት ይመስላል። ሌባም ግን ኢንተርኔት ያነባል። የወርቅ መስቀሉን ፎቶ ከነመስኮቱ፣ ከነመዝጊያው፣ ከነቦታው ስትለጥፊ የገበያ ዝርዝር ሰጠሽው ማለት ነው። የስልክ ፎቶ የተነሣበትን ቦታ በውስጡ ይዞ ይዞራል፤ ሳትለጥፊው በፊት አጥፊው። በቴሌግራም ፎቶ አድርገሽ ስትልኪው ጥራቱ ይቀንሳል፤ ፋይል አድርገሽ ስትልኪው ጥራቱን እንደያዘ ይሄዳል፣ ቦታውንም ይዞት ሊሄድ ይችላል። የትኛውን ለማን እንደምትልኪ አውቀሽ ላኪ።

ሁሉን ነገር በሦስት ክፈሉት። ለሁሉ የሚከፈት አለ፤ የመጽሐፉ ስምና ዘመን፣ አንዳንድ ሥዕል፣ የአሸንዳ ዜማ ከዘፋኞቹ ስምና ፈቃድ ጋር። በፈቃድ የሚታይ አለ፤ ሙሉው መጽሐፍ፣ የርስት ጽሑፍ፣ የተናጋሪ ሽማግሌ ቃል። ጭራሽ የማይነሣም አለ፤ ታቦት የመጀመሪያው ነው፤ አባቶች አይነሣም ያሉትን ሁሉ ምክንያቱን ሳትጠይቂ ተዪው። ክፍፍሉን የሚወስኑት የደብሩ አለቃ፣ ገበዙና ሰበካ ጉባኤው ናቸው፤ መስጊድም ከሆነ የመስጊዱ ሽማግሌዎች። ያንቺ ድርሻ ምርጫውን ማስረዳትና መጻፍ ነው።

የሰው ቃል ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በጦርነቱ የደረሰበትን የነገረሽ ሰው ታሪኩን እንጂ ሕይወቱን አልሰጠሽም። ስሙ ይጠራ ወይስ ይሰወር፣ አሁን ይከፈት ወይስ ከዓመታት በኋላ ብለሽ ጠይቂው፤ ነገ ሐሳቡን ቢለውጥ እንደሚነሣለት ቃል ግቢለት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የሰው መረጃ ያለ ፈቃዱ ወይም ያለ ሌላ ሕጋዊ ምክንያት እንዳይያዝ ይከለክላል። ስለ ዕቃውም አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ፎቶሽን አይቶ “ይሸጣል ወይ?” ብሎ የሚጽፍልሽ ይኖራል። መልስ አትስጪ፤ ጽሑፉን አስቀምጠሽ ለደብሩና ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አሳዪ።

ከውጭ የሚመጡ ባለሙያዎችም አሉ፤ ብዙዎቹ ደጋጎች ናቸው። የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2015 በተለይ በምሥራቅ ትግራይ ደብር ለደብር እየዞሩ ብዙ ብራና አንሥተዋል፤ ጦርነቱ ሲመጣ ያ ሥራ ምን ያህል ጠቃሚ እንደነበረ ታየ። ከእንዲህ ያለ እንግዳ ጋር ስትሠሩ ግን አንድ ገጽ ውል ይኑር፤ በትግርኛም በአማርኛም። ፎቶው የማን ነው? ሙሉ ቅጂ መቼ ለደብሩ ይሰጣል? የት ይለጠፋል? ደብሩ ይነሣልን ቢል ይነሣል? ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ጨዋ ባለሙያ ራሱ ይዞት ይመጣል።

የመጀመሪያው ተመልካችሽ ደግሞ ሩቅ ያለ አይሁን። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቅጥር ግቢው ውስጥ የመጽሐፉን ሥዕሎች አትመሽ አሳዪ፤ መግለጫው በትግርኛ ይሁን። ለትምህርት ቤቱ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት ካርድ ስጪ። ሕዝቡ ምን እንዳለው ሲያውቅ የሚጎድለውንም ያውቃል፤ በሌሊት መኪና መጥቶ ቢቆም የሚጠይቀው ይኸው ያየው ሰው ነው። ማጋራት ጥበቃ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ጓለይ፣ ልጄ፣ ይህን ሁሉ በአንድ ወር አልጨርስም ብለሽ አትፍሪ። በዚህ ሳምንት ካሜራውን ቤት ትተሽ ሂጂ፤ ከገበዙ ጋር ተቀምጠሽ ዝርዝሩን ጀምሪ፤ ጣራውንም ቀና ብለሽ እዪ። በሚቀጥለው የሥጋቱን ወረቀት ከሰበካ ጉባኤው ጋር ሙሉ። ከዚያ በጣም የተጎዳውንና በጣም የሚፈለገውን አንድ መጽሐፍ መርጣችሁ ሁለት ዲያቆናት እያስተማርሽ አንሡ፤ ሦስቱንም ቅጂ በቦታው ሳታስቀምጪ ሁለተኛውን መጽሐፍ አትጀምሪ። አንድ ተጠናቅቆ የተቀመጠ መጽሐፍ ግማሽ በግማሽ ከቀሩ ሃያ መጻሕፍት ይበልጣል።

አንድ ቀን አዲስ አበባም ይሁን ባሕር ማዶ ሥራ አግኝተሽ ትሄጃለሽ፤ እኔም መሄድሽን እመኝልሻለሁ። ሥራሽ መልካም እንደነበረ የሚታወቀው ያኔ ነው። መዝገቡን የሚያድሰው፣ ዲስኩን የሚገለብጠው፣ ለጠያቂው እንግዳ እሺም እምቢም የሚለው ሰው ደብሩ ውስጥ ካለ ሠርተሻል። ስለዚህ የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፈሽ፣ አሽገሽ፣ ለአለቃው ከዛሬ ጀምሮ አስረክቢ። እግዚአብሔር ሥራሽን ያቅናልሽ፤ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ እጅሽን ይባርከው።